ቁልፉ በማን እጅ ነው? ስለ «ተአምር ሠሪዋ» ፊልም የቀረበ ሂስ

ስለ መምህር ሥራ ከተደረሱት ተውኔቶች መካከል እንደ «ተአምር ሠሪዋ» የመምህርን ልብ የሚያሞቅ ጥቂት ነው። አሜሪካዊው ጸሐፌ ተውኔት ዊልያም ጊብሰን በመጀመሪያ በ1957 ለቴሌቪዥን ጻፈው፤ በ1959 በኒውዮርክ መድረክ ላይ ቀረበ፤ በ1962 ደግሞ በአርተር ፔን አዘጋጅነት በጥቁርና ነጭ ፊልም ተሠራ። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መምህርቷን ሆና የተጫወተችው አን ባንክሮፍትና ሕፃኗን ሆና የተጫወተችው ፓቲ ዱክ ሁለቱም በዚሁ ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝተውበታል።

እኛም ፊልሙን ከአንድ ጊዜ በላይ አይተነዋል። በመጀመሪያ ባየነው ጊዜ እንባችንን ጠርገን፣ በሙያችን ኮርተን ተነሣን። በሁለተኛው ጊዜ ግን አንድ ጥያቄ አላስቀምጥ አለን። ለመሆኑ በዚህ ታሪክ ውስጥ የሕፃኗ እናትና አባት ድርሻ ምንድን ነው? መምህርቷ ተአምር ስትሠራ ዳር ቆመው የሚያለቅሱና የሚያደናቅፉ ሰዎች ብቻ ናቸውን?

ጥያቄው የፊልም ተመልካች ጥያቄ ብቻ አይደለም። ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ አእምሮው በዝግታ የሚያድግ፣ ወይም ከሰው ጋር መግባባት የሚያስቸግረው ሕፃን ገና በለጋነቱ ትምህርት ሲጀምር ሁለት ወገኖች ይገናኛሉ። አንደኛው ወገን ልጁን የሚያውቁት ወላጆች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ወገን ሙያውን የሚያውቁት ባለሙያዎች ናቸው። ተግባብተው ከሠሩ ልጁ ያተርፋል፤ ከተቃቃሩ ግን የሚጎዳው እሱው ነው። ስለዚህ በዓለም የታወቀ አንድ የጥበብ ሥራ ይህን ግንኙነት እንዴት አድርጎ እንደሚያሳየን መመርመር ለመምህራንም ለተማሪዎችም ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ታሪኩ በአጭሩ

ሔለን ኬለር ጁን 27 ቀን 1880 በደቡባዊቷ የአሜሪካ ግዛት በአላባማ፣ ታስከምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደች። በ19 ወሯ ባደረባት ብርቱ ሕመም ማየትም መስማትም ተሳናት። ፊልሙ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። ልጅቷ ዳነች ተብሎ ቤቱ እፎይ ባለበት ሰዓት፣ እናቲቱ ኬት ልጇ እንደማታይና እንደማትሰማ ስትረዳ የምታሰማው ጩኸት ከተመልካች ጆሮ በቀላሉ አይጠፋም።

ቀጥሎ ዓመታት አልፈው ሔለንን ከፍ ብላ እናያታለን። በገበታ ዙሪያ እየዞረች ከሰው ሰሐን በእጇ ትዘግናለች፤ የከለከላትን ትመታለች፤ ቤተሰቡም አንጀቱ እየተላወሰ እንደ ፍላጎቷ ይተዋታል። በዚህ ጊዜ ቦስተን ከሚገኘው የፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት የ20 ዓመቷ ወጣት አኒ ሱሊቫን በአስተማሪነት ትመጣለች። ከአባትየው ከካፒቴን ኬለር ጋር ብዙ ከተጋጨች በኋላ፣ ልጅቷን ከቤተሰቧ ለይታ በአትክልቱ ስፍራ ባለው ትንሽ ቤት ለሁለት ሳምንት እንድታስተምራት ይፈቀድላታል።

ልጅቷ በዚያ ሥርዓት ትይዛለች፤ የጣት ፊደልንም ትለማመዳለች፤ ነገር ግን ፊደሎቹ የነገር ስም መሆናቸውን ገና አልተረዳችም። ወደ ትልቁ ቤት በተመለሱበት ዕለት በገበታ ላይ እንደገና ትረብሻለች። መምህርቷ የደፋችውን ውሃ መልሳ እንድትቀዳ እየጎተተች ወደ ግቢው የውሃ ፓምፕ ትወስዳታለች። ውሃው በአንድ እጇ ላይ ሲወርድ፣ መምህርቷም ቃሉን በሌላው መዳፏ ላይ ስትጽፍላት፣ የልጅቷ ልቡና ይከፈታል። ከዚህ በኋላ ሔለን ከእናቷ ቁልፎቹን ወስዳ ለመምህርቷ ትሰጣለች። ቀደም ሲል መምህርቷን ክፍል ውስጥ ቆልፋባት የነበረችው ልጅ አሁን ቁልፉን በገዛ እጇ አስረከበቻት ማለት ነው።

የፊልሙ ብርታት

ጉድለቱን ከመናገራችን በፊት ለፊልሙ የሚገባውን ምስጋና እንስጠው። በምግብ ቤቱ ውስጥ መምህርቷና ልጅቷ በማንኪያና በሰሐን ምክንያት የሚያደርጉት ትግል ያለ ንግግር ለረጅም ደቂቃዎች ይዘልቃል። ወንበር ይወድቃል፤ ምግብ ይበተናል፤ ሁለቱም ይደክማሉ። ደራሲው በዚህ ትዕይንት አንድ ከባድ እውነት ያስጨብጠናል። ለልጁ ከማዘን የተነሣ ምንም ነገር አለመጠየቅ ልጁን መናቅ ነው። «እሷ ምን ታውቃለች» የሚል ርኅራኄ «አትማርም» ከሚል ፍርድ እምብዛም አይርቅም። መምህርቷ ከልጅቷ ጋር የታገለችው ማወቅ ትችላለች ብላ ስላመነች ነው።

ደራሲው መምህርቷንም እንከን የለሽ አላደረጋትም። አኒ ሱሊቫን የድኻ አይሪሽ ስደተኞች ልጅ ስትሆን፣ በሕፃንነቷ በትራኮማ ምክንያት ዓይኗ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር። ትራኮማ በእኛም ሀገር የስንቱን ዓይን እንዳጠፋ ለአንባብያን መንገር አያስፈልግም። እናቷ ከሞተች በኋላ በ1876 ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወደ ድኾች መጠለያ ገባች፤ ወንድሟም እዚያው ሞተ። ፊልሙ ይህን ትዝታ በመካከል እያመላለሰ ያሳየናል። ግትርነቷም ቁጣዋም ከየት እንደመጣ እንረዳለን። ቤተሰብ የልጅ መከታ መሆኑን ራሷ ያላየች ሰው የሌላውን ቤተሰብ ለማመን ብትቸገር አያስገርምም።

የፊልሙ ጉድለት

ተውኔት ታሪክን እንዳለ የመገልበጥ ግዴታ እንደሌለበት እናውቃለን። ይሁን እንጂ ደራሲው ምኑን ትቶ ምኑን እንደያዘ ስንመረምር፣ የተዉት ነገሮች ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያጋደሉ ሆነው አገኘናቸው። ማስረጃዎቻችን ሔለን ኬለር በ1903 ያሳተመችው የሕይወት ታሪኳና በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የወጡት የመምህርቷ ደብዳቤዎች ናቸው።

አንደኛ፣ ልጅቷ መምህርቷ ከመምጣቷ በፊት ባዶ አልነበረችም። ፊልሙ ሔለን ጉንጯን ስትዳስስ እናቷን መጥራቷ እንደሆነ ያሳየናል፤ ነገር ግን ምልክቱን የናፍቆት መግለጫ አድርጎት ያልፋል። በመጽሐፉ ውስጥ ግን ምልክቶቹ ብዙ ናቸው። ራስን መነቅነቅ እምቢታ፣ መሳብ «ና»፣ መግፋት «ሂድ» ማለት ነበር። ዳቦ ስትፈልግ የመቁረጥና ቅቤ የመቀባት ምልክት ታሳያለች፤ አይስ ክሬም ስትፈልግ የማሽኑን መዘውር እንደማዞር አድርጋ ትንቀጠቀጣለች። የወጥ ቤቷ ሠራተኛ ልጅ ማርታ ዋሽንግተን ምልክቶቿን ትረዳላት ነበር። አምስት ዓመት ሲሆናት የታጠበ ልብስ አጥፋ ማስቀመጥና የራሷን ልብስ ለይታ ማወቅ ችላለች። ሔለን ራሷ በዚያ የጨለማ ዘመን ያገኘችው በጎ ነገር ሁሉ ከእናቷ ፍቅርና ብልኅነት የመጣ መሆኑን መስክራለች። እንግዲህ ነገርን በምልክት መወከል እንደሚቻል ልጅቷ የተማረችው በእናቷ ቤት ነው። መምህርቷ በዚህ መሠረት ላይ ሠራች።

ሁለተኛ፣ መምህርቷን ወደዚያ ቤት ያመጧት ወላጆቹ ናቸው። እናቲቱ እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በ1842 ባሳተመው የአሜሪካ ጉዞ ማስታወሻ ውስጥ ስለ ሎራ ብሪጅማን አንብባ ነበር። ሎራ ማየትና መስማት የተሳናት ስትሆን፣ በፐርኪንስ ትምህርት ቤት የጣት ፊደል ተምራለች። ከዚህ ንባብ አንድ ተስፋ በእናቲቱ ልብ ቀረ። በ1886 አባትየው ልጁን ይዞ ወደ ባልቲሞር ወደ አንድ የታወቀ የዓይን ሐኪም ሄደ። ሐኪሙ ዓይኗን ማዳን እንደማይቻል፣ ትምህርት ግን እንደሚቻል ነግሮ ዋሽንግተን ወደሚገኘው ወደ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ላካቸው። የስልክን ፈጣሪ የምናውቀው ቤል መስማት የተሳናቸው ልጆች አስተማሪም ነበር። እሱ ደግሞ ለፐርኪንስ ኃላፊ ለማይክል አናግኖስ እንዲጽፉ መከራቸው። መምህርቷ ማርች 3 ቀን 1887 ከባቡር ስትወርድ ከኋላዋ ይህ ሁሉ የወላጆች ድካም ነበር። ፊልሙ ግን ይህን በጥቂት ንግግር ካለፈው በኋላ አባትየውን በአመዛኙ የሚጮህ፣ እናቲቱን ደግሞ የምታነባ አድርጎ ያቀርባቸዋል።

ሦስተኛና ዋነኛ የምንለው የጊዜው ጉዳይ ነው። በፊልሙ ውስጥ የውሃው ትዕይንት የሚደርሰው ከትንሹ ቤት በተመለሱበት ዕለት ነው። ስለዚህ ተመልካቹ «ልጅቷን ከቤተሰቧ በመለየቷ አሸነፈች፤ ወላጆቹ ሊያበላሹባት ሲሉ ደርሳ አዳነቻት» ብሎ ይደመድማል። የመምህርቷ ደብዳቤዎች የሚነግሩን ግን ሌላ ነው። ወደ ትልቁ ቤት የተመለሱት ማርች 27 ሲሆን፣ የውሃው ነገር የሆነው ኤፕሪል 5 ቀን 1887 ነው። በመካከሉ ዘጠኝ ቀን አለ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት ልጅቷ ከእናቷ፣ ከአባቷና ከታናሽ እኅቷ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ትኖር ነበር። ታላቁ ነገር የተፈጸመው በእናትና አባቷ ግቢ፣ ቤተሰቧ በዙሪያዋ እያለ ነው። ደራሲው ዘጠኙን ቀን ሲቆርጥ ወላጆቹንም አብሮ ቆረጣቸው።

ከውሃው ቀን በኋላ ያለው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። መምህርቷ በዚያው ወር በጻፈችው ደብዳቤ የማስተማር ዘዴዋን መለወጧን ትገልጻለች። በሰዓት የተከፋፈለውን ትምህርት ትታ፣ ሰው ለሕፃን ጆሮ እንደሚያወራ ሁሉ በሔለን መዳፍ ላይ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ልታወራ ወሰነች። ይህን ሐሳብ ያገኘችው የ15 ወር ያህል ዕድሜ የነበራትን የሔለንን የአጎት ልጅ አስተውላ ነው። ያች ሕፃን ገና አፏን ሳትፈታ የሚነገራትን ትረዳ ነበር። ባለሙያዋ የሙያዋን ዋና ምስጢር የቀሰመችው ከዚያው ከቤተሰቡ ነው ማለት ነው። ጁላይ 12 ቀን 1887፣ ትምህርት ከተጀመረ ከአራት ወር በኋላ፣ ሔለን በእርሳስ ደብዳቤ ጻፈች። የደብዳቤው ተቀባይም እናቷ ናት።

ሚዛኑን ለመጠበቅ

ይህን ስንል ወላጆቹ ሁልጊዜ ትክክል ነበሩ ማለታችን አይደለም። ደብዳቤዎቹ ስለ ወላጆቹ ጣልቃ ገብነት በምሬት ይናገራሉ። መምህርቷ በትንሹ ቤት አንድ ሳምንት ተጨማሪ ጠይቃ ተከልክላለች። ቤተሰቡ ልጅቷ ስታለቅስ መስማት አልቻለም፤ የትኛው ቤተሰብስ ይችላል? ይሁን እንጂ ያለመግባባታቸው አያያዝ ልናስተውለው የሚገባ ነው። መምህርቷ የምትፈልገውን በግልጽ ተናገረች። ወላጆቹም ፈሩ፤ ነገር ግን የጊዜ ገደብ አድርገው ፈቀዱላት። ትንሹ ቤት ከትልቁ ቤት ብዙም አይርቅም ነበር። አባትየው ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ በመስኮት እያየ፣ ልጁ ጨሌ ስትሰካ ይመለከት ነበር። ስለዚህ ሥራው ከወላጆች ዓይን የተሰወረ አልነበረም። ግልጽ ጥያቄ፣ የተወሰነ ጊዜ፣ የሚታይ ሥራ ነበር። መተባበር ማለት ዘወትር መስማማት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን።

በዚያችው ሀገር ከብዙ ዓመታት በኋላ የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። በፔንሲልቬንያ አእምሯቸው በዝግታ የሚያድግ ልጆች ወላጆች ያቋቋሙት ማኅበር ግዛቱን ከሶ፣ በ1972 ልጆቹ እንዲማሩ የሚያስገድድ ውሳኔ አገኘ። በ1975 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ለእያንዳንዱ የአካል ጉዳተኛ ልጅ የትምህርት ዕቅድ ሲጻፍ ወላጅ እንዲገኝ አዘዘ። በ1986 ደግሞ ከልደት እስከ ሁለት ዓመት ላሉ ሕፃናት የሚዘጋጀው ዕቅድ ቤተሰቡን ጭምር የሚመለከት እንዲሆን ተደነገገ። ካፒቴን ኬለርና ባለቤቱ ሐኪምና ሊቅ ደጅ እየጠኑ የለመኑት ነገር በሕግ የተጻፈ መብት ሆነ።

በእኛም ሀገር ምሳሌ አናጣም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ኦቲዝም ላለበት ልጃቸው የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ፣ በ2002 በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማእከልን አቋቋሙ። በ2021 እስካረፉበት ጊዜ ድረስም ስለ እነዚህ ልጆች መናገራቸውን አላቋረጡም። ትምህርት ቤቶች ያልከፈቱትን በር እናት ከፈተችው።

እኛስ?

ፊልሙን በመንቀፍ ብቻ ብንለያይ ግብዝነት ይሆንብናል። የሚቀጥለውን የምንጽፈው በራሳችን ላይ ነው።

ከዓመታት በፊት ስናስተምርበት በነበረ አንድ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረን። ከኋላ ይቀመጣል፤ ሲጠሩት አይመልስም፤ በሰሌዳ የተጻፈውን ግን አሳምሮ ይገለብጣል። በካርዱ ላይ «ትኩረት የለውም» ብለን ጻፍን። እናቱ ከገበያ ሲመለሱ ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ መጡ። «መምህር፣ ልጄ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቀኝ ጆሮው ነው የሚሰማው። እኔ ቤት ሳነጋግረው ፊቴን እንዲያይ አድርጌ ነው» አሉን። እኛም በራፍ ላይ እንደቆምን «እሺ እናቴ፣ እናየዋለን፤ እርስዎም ማጥናቱን ይቆጣጠሩልን» ብለን ሸኘናቸው። «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» ይሏል ይህ ነው። ወንበሩን የቀየርንለት በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ነበር። በክፍሉ በግራ በኩል ከፊት አስቀመጥነው፤ ጥያቄ ይመልስም ጀመር። እናቲቱን ለማመስገን አስጠራናቸው። «ኧረ አንደኛ ክፍል ሲገባም ነግሬ ነበር» አሉን እንጂ አልተቆጡም።

ይህች አንዲት ቃል ከፊልሙ ይልቅ ከብዳናለች። ስምንት ዓመት ሙሉ እውቀቱ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ የሚያስገባው ግን አላገኘም። ልጁ በጊዜው ተረድቶት የነበረ ሰው ቢያገኝ ኖሮ እኛ ዘንድ በደረሰ ጊዜ ሌላ ተማሪ በሆነ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን «የሕፃናት ልዩ ትምህርት የእኛ ጉዳይ አይደለም» የምንል ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተበላሸው ሁሉ ዞሮ ዞሮ በእኛ ክፍል ውስጥ እንደሚቀመጥ አንርሳ።

ስለዚህ ከሂሳችን ተነሥተን የሚከተለውን እንጠይቃለን፦

1ኛ. ለወላጅ የምናቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ልጅዎ ምን ይችላል? ቤት ውስጥስ እንዴት ትግባባላችሁ?» የሚል ይሁን። መልሱም በቃል አይቅር፤ ይጻፍና ለሚቀጥለው መምህር ይተላለፍ።

2ኛ. ወላጅ የሚጠራው ጥፋት ሲገኝ ብቻ አይሁን። ተቀምጦ ይነጋገር፤ በራፍ ላይ አይሸኝ።

3ኛ. ብሬልም ሆነ የምልክት ቋንቋ ወይም ሌላ ዘዴ ስናስተምር ለቤተሰቡም እናሳይ። በትምህርት ቤት ብቻ የሚነገር ቋንቋ ያለው ልጅ ቤቱ ሲገባ እንግዳ ይሆናል።

4ኛ. ስንለያይ ደግሞ እንደ ትንሹ ቤት ውል እንዋዋል። የምንሞክረውን፣ የጊዜውን ልክና ውጤቱ የሚታይበትን መንገድ አስቀድመን እንግለጽ።

ለተማሪዎችም አንድ የቤት ሥራ አለን። የቴአትር ክበብ ያላችሁ ይህን ፊልም ብታገኙ ተመልከቱትና፣ ደራሲው የቆረጣቸውን ዘጠኝ ቀናት ጻፉልን። ልጅቷ ወደ ቤቷ ተመልሳለች፤ ገና ቃል አልገባትም። እናቲቱ በገበታ ላይ ምን ታደርጋለች? መምህርቷስ ምን ትጠይቃታለች? እናቲቱ ለዓመታት የምታውቃቸውን ምልክቶች ለመምህርቷ ስታሳያት የሚያሳይ ትዕይንት ቢጨመር፣ እኛ በበኩላችን ከምግብ ቤቱ ትግል አናሳንሰውም።

የመጨረሻ ፍርዳችን ይህ ነው። «ተአምር ሠሪዋ» በትወናውና በድፍረቱ ታላቅ ሥራ ነው፤ መምህር ሁሉ ሊያየው ይገባል። የመምህርን ጽናት አሳምሮ አሳይቷል። ነገር ግን ቁልፉን ከእናት እጅ ወስዶ ለመምህር ሲሰጥ እንደ ድል ቆጥሮታል፤ እኛ በዚህ አንስማማም። መምህርቷ በዚያ ቤት ሥራዋን የጀመረችው እናቲቱ በሩን ከፍታ ስለጠበቀቻት ነው። በእኛም በር ላይ ዛሬ ዘንቢል አንጠልጥለው የሚቆሙ እናቶች አሉ፤ ወንበር ስበን እናስቀምጣቸው።